የመስታወት ኬዝ ለአቧራ አገር

ኩዌት፣ ሐወሊ ውስጥ ወደ ኢብን ኸልዱን ጎዳና የኮምፒውተር ሱቆች ጌም መጫወቻ ማሽን ሊያስገጥም የሚሄድ ወጣት ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ አጥንቶ፣ ዋጋ አወዳድሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሮ ነው የሚሄደው። ኬዙ ላይ ሲደርስ ግን ጥናቱ ያበቃል፤ ዓይኑ ያረፈበትን ያነሳል። ዓይኑ የሚያርፈው ደግሞ ፊቱም ጎኑም መስታወት በሆነው፣ ውስጡ በባለቀለም መብራት በሚንቦገቦገው ላይ ነው። ይህ አመራረጥ ለኩዌት አይሆንም።

የኬዝ ዋና ሥራ ቀዝቃዛ አየር ማስገባትና ሙቀት ማስወጣት ነው። ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 300 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል፤ የበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ይለቀቃል። የፊት ማራገቢያዎቹ በመስታወት ከተጋረዱ አየር የሚያገኙት ጠርዙ ላይ በተተወች ጠባብ ክፍተት ነው። የሞቀው አየር ይዞርና ተመልሶ ይገባል፤ ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ። አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች 95 ዲግሪ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ገዢው በዲናር የከፈለበትን ጉልበት ኬዙ ይቀማዋል።

«ቤት ውስጥ ኤሲ አለ፤ የውጭው ሙቀት ምን አገባን?» የሚለው መልስ በየሱቁ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 በኩዌቷ ምትሪባህ የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሳሎን ውስጥ አይገባም። አቧራው ግን ይገባል። ሻማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከደቡብ ኢራቅ ጠርጎ የሚያመጣው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በተዘጋ መስኮትና በበር ሥር ይሾልካል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የኩዌት አየር ማረፊያ በረራ እስኪያቋርጥ ድረስ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ ነበር። በበጋው ማብቂያ ከባሕሩ እርጥበት ሲመጣ ይኸው አቧራ ማቀዝቀዣው ብረት ላይ ይጋገራል፤ ያኔ በብሎወር ተነፍቶ አይለቅም። ኤሲውም ቢሆን ለሁሉ እኩል አይደለም። በጅሊብና በፈርዋንያ ሠፈሮች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች ማሽኑን የሚያስቀምጡት ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው ግርጌ፣ ከብርድ ልብሱ አጠገብ ነው። እንደ ሊያን ሊ ኦ11 ዳይናሚክ ያሉት ኬዞች ፊታቸው ተዘግቶ ከጎንና ከታች አየር ይወስዳሉ፤ ለንጹሕ ጠረጴዛ ጥሩ መላ ነው። ወለል ላይ ሲቀመጡ ግን ከታች የሚስቡት ብናኙ የሚተኛበትን አየር ነው።

የመስታወቱን ፋሽን የሚቃወሙትም ሌላ ጭፍን ምክር ይዘዋል፦ ፊቱ ወንፊት ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም ይላሉ። የስዊድኑ ፍራክታል ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2017 ሜሽፋይ የተባለውን ኬዝ ካወጣ ወዲህ የወንፊት ፊት ተወዳጅነቱ ጨምሯል፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የምናነባቸው የሙቀት መለኪያ ውጤቶች የተገኙት በንጹሕና በቀዝቃዛ ክፍል፣ በአዲስ ኬዝ ላይ ነው። ከስድስት ወር የኩዌት አቧራ በኋላ ያው ኬዝ ምን እንደሚሆን ቁጥሩ አይነግረንም። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነና ከኋላው ደቃቅ ማጣሪያ ከሌለው አቧራውን በሰፊው በር ያስገባል። ማጣሪያ ኖሮት አየር የሚያስወጡት ማራገቢያዎች ከሚያስገቡት ከበለጡም ያው ነው፤ ሣጥኑ የጎደለውን አየር በየስንጥቁ፣ በካርዶቹ መክፈቻ በኩል ሳይጣራ ይስባል። ስለዚህ የሚገባው ከሚወጣው ይብለጥ። ከሁሉ በላይ እኔ የምመለከተው የማጣሪያውን አወጣጥ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ሥር ያለውን ለማውጣት ኬዙን ከግድግዳ መጎተት የሚጠይቅ ከሆነ ማንም አያጥበውም። ከፊት ወይም ከጎን በአንድ እጅ ተስቦ የሚወጣው ግን በየሳምንቱ ይታጠባል።

ስለ መስታወቱ አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። የእነዚህ ኬዞች መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ፊቱን ቢመቱት ይችላል፣ ጠርዙ ግን ጠንካራ ሴራሚክ ሲነካ ባንዴ እንክትክቱ ሊወጣ ይችላል። የኩዌት ቤቶች ወለል ደግሞ አብዛኛው ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ነው። አቧራው በየጊዜው ክፈተኝ፣ አጽዳኝ ይላል፤ መስታወቱን ነቅሎ ግድግዳ ሥር ማስደገፍ የግድ ይሆናል። ብዙ መጽዳት ያለበትን ማሽን በመስታወት መዝጋት ብልህነቱ አይታየኝም። የብረት ጎን ይህ ጣጣ የለበትም።

መብራቱን መውደድ ነውር አይደለም። በሰው አገር፣ በጋራ ክፍል፣ የራሴ የሚለው ያ ሣጥን ብቻ የሆነ ሰው እንዲያምርለት ቢሻ ሙሉ በሙሉ ይገባኛል። በወንፊት ውስጥ የሚታይ መብራትም ያምራል።

ማሽኑን ገጥሞ በካርጎ ለወንድሙ ወደ አዲስ አበባ የሚልክም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ አያመልጥም። መስታወቱ በጉዞ ላይ ያለበት አደጋ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ሱቆቹ ለዚህ ሁሉ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ኬዙን መብራቱን አብርተው ከማሳየታቸው በፊት ማጣሪያውን አውጥተው ያሳዩን፤ መለዋወጫውንም ለብቻው ይሽጡልን።