«ሪህ ነው» ብሎ ነገር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማማርረው በአንድ ቃል ነው። ሪህ!

ጉልበት ሲያብጥ ሪህ፣ ጣት ሲጣመም ሪህ፣ ወገብ ሲይዝ ሪህ (ካልሆነም ብርድ)። ከዚያ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ፣ ሲብስ መርፌ፣ ሥጋ መተው፣ አለቀ። ለዓመታት የታመመውን ሰው «ለመሆኑ ምክንያቱ ምን ተባለ?» ብትሉት የሚነግራችሁ የመድኃኒቱን ስም ነው።

ስም ማውጣት እኮ ምክንያት ማግኘት አይደለም። ሪህ በምንለው አንድ ጆንያ ውስጥ የማይገናኙ በሽታዎች ታጭቀዋል። ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ጠጥሮ የሚያመጣው ሕመም አለ፤ ብዙ ጊዜ በድንገት፣ በተለይ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። የሰውነት መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያ ላይ የሚዘምትበት ሩማቶይድ አርትራይተስ አለ፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፣ የሁለቱንም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይይዛል፣ ጠዋት ጣቶች አልታጠፍ ብለው አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። የአከርካሪ ቲቢ አለ። ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ደግሞ አለ፤ ትኩሳቱ መጣ ሄደ ይላል፣ ያልባል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። እሱ በትክክል ከታወቀ በሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ይታከማል። በማስታገሻ ግን ዕድሜ ልክ ብትውጡ አይነቀልም።

ማስታገሻ ይቅር አላልኩም፤ ሰው እያመመው አይደር። ግን ዲክሎፌናክ ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የባሰ አታላይ ነው። በጥቂት ቀን ሰውን «ተፈወስኩ» ያሰኛል፣ ስር የተደበቀ ቲቢ ካለ ግን መንገድ ይከፍትለታል። ሩማቶይድም ከሆነ ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ መገጣጠሚያው እየተበላ ሊሄድ ይችላል። ቶሎ ቢታወቅ እኮ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ፣ በሳምንት አንዴ የሚወሰድና በሽታውን ራሱን የሚይዝ መድኃኒት አለ!

«ተመርምሬያለሁ» የምትሉም አላችሁ። ኢኤስአር ከፍ ማለቱ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ የት እንዳለ፣ ምን እንዳስነሳው አይናገርም። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ብሎ ምንም የማያማቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። እና በአንዲት ወረቀት ብቻ ተፈርዶባችሁ ክትፎ የተዋችሁ፣ ሐኪሙን ደግማችሁ ጠይቁ።

የሐኪሙን ወረፋ አውቃለሁ፣ ደጅ ላይ ሕዝብ ተሰልፎበት ረጅም ታሪክ የሚሰማበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ጽፋችሁ ሂዱ። መቼ ጀመረ? ሲያርፉ ይብሳል ወይስ ሲንቀሳቀሱ? ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው፣ ጥሬ ወተት? እስካሁን የተዋጠው ክኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተቀበላችሁትም ጭምር።

ተፈልጎ ተፈልጎ ምክንያቱ የማይገኝ ሕመምም አለ፤ ይሄንንም መካድ አይገባም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሐሳብ ነው የያዘሽ፣ ጸሎት አድርጊ» ብሎ መሸኘት ግን ያናድደኛል። ያልተገኘለት ሕመምም ሕመም ነው፣ ክትትል ይፈልጋል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ሪህ አለብኝ» ብሎ ለመጣ ሰው ማዘዣውን ከመጻፋችሁ በፊት «ጠዋት ስትነሳ እጅህ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?» በሉት። መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉለት።