ሴራሚኩ የእርስዎ፣ ሶሌታው የጋራ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የኮንዶሚኒየም ደረጃዎች በአሸዋና በሲሚንቶ ከረጢት ይሞላሉ። ከአንዱ በር የመዶሻ ድምፅ፣ ከሌላው የሴራሚክ መቁረጫ ጩኸት ይሰማል። የቤት ዕድሳት ወቅት ነው። ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ጠባብ ነው፣ ቀን ከሌት ውሃ አይለየውም፣ እንግዳም ገብቶ ያየዋል።

ታዲያ በዚህ ወቅት ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «የገዛ ቤቴን መታጠቢያ ለማደስ ደግሞ ፈቃድ ልጠይቅ?» መልሱ የሚወሰነው በሚነኩት ነገር ነው።

አሮጌውን ሴራሚክ በአዲስ መተካት፣ ቀለም መቀባት፣ ቧንቧውንና የእጅ መታጠቢያውን እዚያው ቦታው ላይ መቀየር የተለመደ የቤት ውስጥ ጥገና ነው። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማዛወር ግን ሌላ ነገር ነው። የፍሳሽ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ያሉ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ነውና። ግድግዳ ማፍረስ፣ በውጭው ግድግዳ ላይ አዲስ መስኮት መክፈት፣ ሶሌታ መቦርቦር ደግሞ ጭራሽ ከጥገና ያለፈ ሥራ ነው።

የሕንጻ ሕጉ «ግንባታ» ሲል አዲስ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባሩን ሕንጻ ማሻሻልንም ይጨምራል፤ ለዚህም ፈቃድ ይጠይቃል። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ከየቤቶቹ ውጭ ያለው የሕንጻው ክፍል ግን የሁሉም የጋራ ንብረት ሲሆን የሚያስተዳድረውም እርስዎ አባል የሆኑበት የባለቤቶች ማኅበር ነው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ሶሌታቸው ወጥ ኮንክሪት አይደለም። ቀድመው የተሠሩ ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈሳል። ግንበኛው ለአዲስ ፍሳሽ መስመር ሲቦረቡር ወይ ቢሙን ይነካል፣ ወይ ብሎኬቱን ይበሳል። በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ የገባ ውሃ ደግሞ ከገባበት ርቆ ሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል።

በምኖርበት ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ቢጫ እርጥበት ታየ፤ እየሰፋም ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከላያቸው የምትኖረው ወጣት ቤቷን ካሳደሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር።

«እማማ፣ እኔ ወለሉን ብቻ ነው ያስቀየርኩት» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ላንቺ ወለል ነው፤ ለኔ ጣሪያ ነው» አሏት።

ነገሩን ያከረረው ማስረጃ አለመኖሩ ነበር። ጣሪያው ከሥራው በፊት ምን እንደሚመስል ያነሳ የለም። ምን እንደሚሠራ ለኮሚቴው የጻፈ የለም። ሠራተኞቹም ስልካቸውን አያነሱም። ሽማግሌ ገብቶ ወጪው ለሁለት እስኪከፈል፣ አዲሱ ሴራሚክም እንደገና እስኪሰበር ወራት አለፉ። በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው የቡና ጥሪም ቀረ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2077 የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊገምተው ያልቻለው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ነገር ግን የጎረቤትን ጉዳይ ፍርድ ቤት ማድረስ ማን ይወዳል?

ስለዚህ ዕድሳት ያሰቡ አንባቢያን መዶሻው ከመነሳቱ በፊት እነዚህን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

በመጀመሪያ ከታች ያለውን ጎረቤት ያነጋግሩ። አብራችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ። ነባር እርጥበት ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል፤ በኋላ ለሁለታችሁም መከላከያ ይሆናል።

ቀጥሎ ለማኅበሩ ኮሚቴ አጭር ደብዳቤ ያስገቡ። የሚሠራውን፣ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ፍርስራሹ የት እንደሚወገድ ይግለጹ። ቅጂው ላይ ያስፈርሙ።

ሥራው ግድግዳ፣ ሶሌታ ወይም የፍሳሽ መስመር የሚነካ ከሆነ ካርታዎን፣ መታወቂያዎንና የሚሠራውን የሚያሳይ ንድፍ ይዘው በአካባቢዎ ወደሚገኘው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የሚጠየቀው ቅጽና ክፍያ ይለዋወጣልና ከሰው አፍ ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ። ፈቃዱ እስኪወጣ ሠራተኛ አይቅጠሩ። የቀጠሩት ሠራተኛ የቀን ሂሳቡ ሲቆጥር «ይጀመርና ይደርሳል» ማለት ይመጣል።

ከሠራተኛው ጋር የሚፈራረሙት ውልም ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ኮለንና ቢም እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውሃ እንዲፈተን። ውሃ የማያሳልፈው ቅብ ከደረቀ በኋላ የወለሉ ፍሳሽ ይደፈናል፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ይሞላል፣ 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ታች ወርዶ ጣሪያውን ማየት ነው። ከክፍያው የመጨረሻው ድርሻ ከዚህ ፈተና በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል።

በራሳቸው ግቢ የሚኖሩም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ከታች ጎረቤት ባይኖራቸውም በአጥር የሚዋሰናቸው አለ፤ አዲስ የተቆፈረ ሴፕቲክ ታንክ ወይም አቅጣጫው የተቀየረ ፍሳሽ እሱን ይነካል።

ፈቃድ ማውጣት ጥቂት ቀናትና ምልልስ ይጠይቃል። ያም ሆኖ አንድ ወለል ሁለት ጊዜ ከማንጠፍ ይቀላል። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ጎረቤትዎን ግን ነገ ጠዋትም ደረጃ ላይ ያገኙታል።

መልካም የዕድሳት ወቅት!