«ዜሮ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ይዘጋ» ለምትሉ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር እናያለን። ሚኒስትሩ መግለጫ ይሰጣሉ፣ «አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች» ይቆጠራሉ፣ ከዚያ እኛ በየኮሜንቱ ፈራጅ እንሆናለን። ግማሻችን «እኛ በዱላ ነው የተማርነው፣ የዛሬ ልጅ ሥርዓት የለውም» እንላለን። ግማሻችን ደግሞ «ዜሮ ያሳለፈ ይዘጋ፣ ርዕሰ መምህሩ ይነሳ፣ ተማሪው ወደ ሌላ ይጠቃለል»። ሁለታችሁም እስኪ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

በ2014 ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ከመቶ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ናቸው፣ ካስፈተኑት ከ10 ከ4 በላይ ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሲወድቅ ርዕሰ መምህሩን ትጠይቃለህ። 1,328 ሲወድቁ ግን ጥያቄው ወደ ላይ መውጣት አለበት።

«ዲሲፕሊን ጠፋ» ለሚለው ማስረጃው ሁሌ አንድ ነው፤ በ2015 ጥቅምት መግቢያ ላይ ከ12 ሺህ በላይ ተፈታኞች ፈተናውን ጥለው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጡበት። ብዙዎቹ በእኛው ክልል የተመደቡ ነበሩ። አላሞግሳቸውም፣ ስህተት ነው የሠሩት። ግን ኩረጃን ማን አስተማራቸው? በ2008 ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ የአገሩ ፈተና በሙሉ ሲቋረጥ ወረቀቱን ያወጣው የ12ኛ ክፍል ልጅ ነበር እንዴ? ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ የተደረገው ችግሩ የተማሪ ብቻ ስላልነበረ ነው። የተማሪ ብቻ ቢሆን ፈታኝ መጨመር ይበቃ ነበር። ያ እርምጃ ትክክል ነበር እላለሁ። ነገር ግን ሥርዓት ያስያዘው የአራት አምስት ቀኑን የፈተና አዳራሽ ነው፤ የ12 ዓመቱን ክፍል አልነካውም። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው 10 ልጆች 9ኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ማንበብ ሳይችል 9ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ምን እንዲሠራ ጠብቀን ነው? ይረብሻል እንጂ!

ዱላውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ሕጉን ትተን በተግባር እንየው፤ አርፍዶ መጥቶ በር ላይ የተንበረከከ ልጅ ነገ በጊዜ አይመጣም፣ ከነአካቴው ይቀራል። ለደምቢያ ልጅ መቅረት ቀላል ነው። መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ አለ።

መዝጋቱ ደግሞ ይብሳል። ቆላ ድባን የሚያውቅ ያውቃል፣ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አሁንም ቢሆን ቤት ተከራይቶ፣ ከቤተሰብ ስንቅ እየተላከለት ነው የሚማረው። ያንን ትምህርት ቤት ዘግታችሁ «ጎንደር ሂድ» ስትሉት ማን ይከራይለታል? ወንዱ ምናልባት ይሄዳል። ሴት ልጁን በዚህ ጊዜና በዚህ መንገድ ጎንደር የሚሰድ አባት ግን አላውቅም፣ ይድራታል። አሜሪካኖቹ እንኳ በ2013 በእነሱ አቆጣጠር ቺካጎ ላይ 50 ገደማ ትምህርት ቤቶችን በአንዴ ዘግተው አይተውታል፤ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሲያጠናው ቃል የተገባው የውጤት ለውጥ አልመጣም። እዚያ እኮ አውቶቡስ አለ።

በዚያ ላይ ክልላችን ትምህርት ቤት መዝጋትን አልተቸገረም፣ ጦርነቱ እየዘጋለት ነው። በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ ነበሩ። ተዘግቶ የከረመን ትምህርት ቤት «ለምን ዜሮ አሳለፍክ» ብሎ መዝጋት እንዴት ያለ ቀልድ ነው?

መልሶ ማደራጀት የምትሉትን አልቃወምም። ግን ከትልልቆቹ ይጀመር። መምህሩ በክፍለ ጊዜው ለስብሰባ አይጠራ። ደመወዙ በወሩ ይድረሰው፣ ደመወዝ ያጣ መምህር ስለ ማርፈድ ማንን ይቆጣል? ርዕሰ መምህር በትውውቅና በፖለቲካ ሳይሆን በውድድር ይመደብ፣ ሥራውን ሳይለምድም አይነሳ። ጎበዙ መምህር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ይግባ፣ አሁን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ሳይደርስ ልጆች ፒዲኤፍ በቴሌግራም ሲፈልጉ እንደነበር አትርሱ። ስልክ የሌለው ምን ያድርግ? ለጎርጎራ ሎጅ የተገኘው ገንዘብና ክትትል እኮ ከዚሁ ወረዳ ነው ያረፈው፣ ሲፈለግ ይቻላል።

ለሚኒስቴሩም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው መግለጫ ከእያንዳንዱ «ዜሮ» ትምህርት ቤት ስም ጎን ስንት መምህር እንደጎደለው፣ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደደረሰ፣ በዓመቱ ስንት ቀን ተዘግቶ እንደዋለ አብሮ ይውጣ። ማን ይቀጣ የሚለውን ያኔ እንነጋገር።