ሲምፕሰኖቹ ነቢያት አይደሉም

እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ስልካቸውን ይዘው የሚቀመጡ ወጣቶች «ዘ ሲምፕሰንስ»ን በደንብ ያውቁታል። የሚያውቁት ግን በቀልዱ ሳይሆን በ«ትንቢቱ» ነው። ዓለም ላይ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ቢጫ ፊት ያላቸው ካርቱኖች ቲክቶክ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ቀድመው ተናግረውት ነበር ይባላል።

በጣም የሚጠቀሰው የትራምፕ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆነው እንደነበር ይነገራል። እውነት ነው። ግን እኮ ሰውየው በ1999 በሪፎርም ፓርቲ በኩል ለመወዳደር ሲሞክሩ ወሬያቸው በየጋዜጣው ነበር! ደራሲዎቹ ጋዜጣ አነበቡ፣ አጋነኑ፣ አሾፉ። በቃ።

ትንቢት ፈላጊዎቹ አንዱን ክፍል ግን ዘለውታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታየ ነው፤ አንዲት ከተማ ያላትን ገንዘብ ሁሉ አውጥታ ባቡር ትገዛለች፤ ሻጩ አጭበርባሪ ሆኖ ይገኛል። (የእኛው በልደታ የሚያልፈው ባቡር እንኳ በ2008 ሥራ ጀምሮ ብዙ ሰው አመላልሷል፤ ከ41ዱ ስንቱ ቆመ የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው።) የዚያ ክፍል ደራሲ ኮናን ኦብራየን በዚያው ዓመት የራሱን የምሽት ፕሮግራም ይዞ ወጣ፤ ከአሜሪካ ስመ ጥር ኮሜዲያን አንዱ ሆነ።

ለእኔ ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ሲምፕሰንስ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከ750 በላይ ክፍሎች ያሳየው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቀልድ የሚፈትጉ ብዙ ደራሲዎች ስላሉት ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ባርት ግን ዛሬም 10 ዓመቱ ነው።

የእኛ ቀልድ ያደገው በሰው ትከሻ ነው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ መድረክ ሲወጡ ጽሑፉም፣ ትወናውም፣ ድፍረቱም የራሳቸው ነበር። አለባቸውና ሀብቴ ሲያልፉ ሙያውም አብሮ ጎደለ፤ ተረክቦ የሚቀጥል የደራሲዎች ክፍል አልነበረማ። ወደ ቤተሰብ ሲትኮም በጣም የቀረብነው በጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ነው፤ ለዓመታት ቤት ለቤት ገብቷል። ፖለቲካውን ግን ብዙም አይነካም። የነካው በፋና ቴሌቪዥን የታየው «ምን ልታዘዝ» ነበር፤ አንዲት ካፌን አገር አድርጎ አሳየን። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ።

ፎክስ ጣቢያ በሲምፕሰንስ እየተሰደበ ሲምፕሰንስን ያሳያል። ያስገባዋላ! እኛ ዘንድ ቀልዱን የጻፈው ሰው ፊቱ ይታወቃል፤ ታክሲ ውስጥ «አንተ አይደለህም እንዴ?» ይባላል። ካርቱን ቢያንስ ከዚህ ይከልላል፣ የተሳለን ሰው ማንም መንገድ ላይ አያስቆመውም።

ጨዋታው ደግሞ እንደሆነ አልጠፋም። አንድ ብሎክ፣ አንድ ደረጃ ይበቃል፦ ውኃ ሲመጣ የሚነሳው የጄሪካን ግርግር፣ በረንዳ ላይ የተደረደረው ዲሽ፣ የበዓል በግ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ መዋጮ ሰብስቦ ስብሰባ የማይጠራ ኮሚቴ። ይህን ይዛችሁ ወደ አንድ ጣቢያ ብትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስፖንሰር አላችሁ?» የሚል ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ «ይሄ ኮሚቴ ማንን ለማለት ነው?»