ደመወዝና ማሊያ

በሠራዊታችን ክበቦች የእግር ኳስ ወግ በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮት ይነሣል። አንጋፋዎቹ «የጥንቶቹ ለባንዲራ ተጫወቱ፤ የዛሬዎቹ ለብር ይጫወታሉ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ሰው በሙያው ቢከፈለው ምን ነውር አለው?» ሲሉ ይመልሳሉ። ክርክሩ በየቤቱ ዘልቆ አባትና ልጅን የሚያሟግት በመሆኑ የዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ይመለከታል።

ለፍርድ እንዲመች ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሥሩ ካርቱም ነው። ዓባይ የአል-ማንሺያን ሠፈር ታክኮ ከነጭ ዓባይ ጋር ወደሚገናኝበት ሥፍራ በሚገሠግስባት በዚያች ከተማ፣ በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም ተካሄደ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ሆኖም የደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዝ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቱ ከውድድሩ ውጭ ሆነ። አፍሪካ ዋንጫውን ከመጀመሯ በፊት ክብሯን አስቀደመች። ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ የካቲት 9 ቀን በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር።

የተረቱት ልጆቻችን የአገር ፍቅር ጎድሏቸው አልነበረም። ፍቅር ብቻውን ግብ አያስቆጥርም፤ ልምምድና ሥርዓት ይሻል። ይህም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታየ። በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድናችን ያንኑ የግብፅን ቡድን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ድል ነሣ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን አነሣ። በዚያ ዘመን ከሠራዊቱና ከፋብሪካዎች የወጡ ክለቦች ታላቅ ስም ነበራቸው፤ ሉቺያኖም ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ቡድናችን በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፎ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ግቦች ብልጫም ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። እነዚያ ተጫዋቾች የክለብ ደመወዝተኞች ነበሩ። ያን ቀን ስለ ደመወዛቸው ያማቸው ማን ነበር? እኛስ ወታደሮች ደመወዝ እንቀበል የለምን? ደመወዝ ስለ ተቀበልን የአገር ፍቅራችን ቀነሰ የሚል ቢኖር አንስማማም። እንግዲህ በራሳችን ላይ የማንቀበለውን ፍርድ በኳስ ተጫዋች ላይ ልንፈርድ አይገባም።

ይሁን እንጂ አንጋፋዎቹም ባዶ ነገር አልተናገሩም። ብዙዎቹ የአገራችን ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ነው። ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማስቀመጥ የደረሰው ነገሩ ስላሳሰበው ነው። የሕዝብ ገንዘብ በየዓመቱ ለዝውውር ብቻ ፈስሶ ለታዳጊዎች ሜዳና አሠልጣኝ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የተከፋዩ ሳይሆን የከፋዩ ነው። ወቀሳችን አድራሻውን ይወቅ። የሠራዊታችን ክለብ መቻልም በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል፤ የራሳችን ነውና ከማንም አስቀድመን እንጠይቀው።

የቤተሰብ ክፍል አንባቢዎቻችን ሆይ! ልጃችሁ ኳስ ተጫዋች ልሁን ቢላችሁ አትቆጡት፤ ደብተሩንም አታስጥሉት። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ አንዲት የጉልበት ጉዳት ውሉን ልታፈርስ ትችላለች። ማልዶ መነሣትን፣ አሠልጣኝን ማክበርን፣ ተሸንፎ እጅ መጨበጥን ከቤት ይማር። ይህን የያዘ ልጅ ቢከፈለው አይባልግም፤ ባይከፈለውም አይከስርም።