አከራዩ ዳኛ፣ ተከራዩ ደጅ



ይህች ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አከራዩም ተከራዩም ያነቧታል። ስለዚህ ሳንሸፋፍን እንናገር።

በካምፓችን ቤት ይከራያል። መሬቱን ማንም አልገዛውም፤ ቆርቆሮውም ሸራውም ስደተኛ ስለሆንን በነፃ የተሰጠን ነው። ሆኖም አንዱ ሪሴትልመንት አግኝቶ ሲሄድ ቤቱን ለዘመዱ ይተዋል፤ ዘመዱም ለአዲስ መጪ ያከራየዋል። ይህ ኪራይ በየትኛውም መዝገብ የለም። መዝገብ ላይ ስለሌለም አቤት የሚባልበት ቢሮ የለውም። ተካሳሾቹ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ይቆማሉ።

ሽማግሌውስ ማን ነው? ነገራችን እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዝናብ አንዲት እናት የሁለት ወር ኪራይ አልከፈልሽም ተብላ ከነልጇ ወጣች፤ ዕቃዋም ጭቃ ላይ ተጣለ። «ከፍያለሁ» አለች። ግን በዚህ ሰፈር ለኪራይ ደረሰኝ የሚቆርጥ ማን አለ? ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከሦስቱ ሁለቱ ራሳቸው አከራዮች ነበሩ። ፍርዱን መጻፍ ያስፈልጋልን? እኛም ቆመን ሰማን፤ ዝም ብለን ወደየቤታችን ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታችን ዕዳ ነው።

ለዚህ በሽታ እንግዶች አይደለንም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አነስተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ተቀነሰ፤ የቤት ክርክር የሚያይ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎም ተቋቋመ። ብዙ ድኻ ቀና አለ። ነገር ግን ኪራይ የሚሰበስበውም ቀበሌ፣ ሸንጎውም የቀበሌ ሆነ። ተከራዩ ቀበሌን ለማን ይክሰስ? ጌታው ተለወጠ እንጂ ቤቱና ፍርዱ አንድ እጅ ውስጥ ቀሩ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አገር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ድንበር ተሻግሮ አያስከብረንም፤ ቁም ነገሩን ግን ከመበደር የሚያግደን የለም።

«አከራዩም እኮ ስደተኛ ነው፤ ራሽኑ ሲቀነስ ልጆቹን በምን ያብላ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። እኛም ኪራይ ይቅር አላልንም፤ ኪራይ ተቀባይ የራሱን ጉዳይ አይፍረድ እንጂ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤

አንደኛ፣ ቤት የሚያከራይ ሁሉ በኪራይ ክርክር በሽምግልና አይቀመጥ። ተከራይም እንዲሁ። በብሎካችን ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ ውሉ በአንድ የደብተር ገጽ፣ በሁለት ምስክር ይጻፍ። ሽልንግ በተቆጠረ ቁጥር እዚያው ይፈረም።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌ ቃሏን ሳይሰማ የማንም እናት ዕቃ ደጅ አይውጣ።

ለዚህ በጀትም ሆነ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ደብተርና እፍረት ይበቃል። አባቶቻችን «ወንዝ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይሉ ነበር። እኛ ግን ዳኛው እስኪገኝ አንጠብቅም፤ ዳኛውን ለማግኘት ዛሬ እንናገራለን። ከአገራችን ያስወጣን ፍርድ ማጣት ነው፤ እዚህ ደግሞ እርስ በርሳችን አንነፋፈገው!