ቆጠራው ይቅደም፣ እልልታው ይከተል

ጥቅምት 28 ቀን 1993 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ቮሉሽያ በምትባል አውራጃ፣ ከአንድ ምርጫ ጣቢያ የመጣ ውጤት ለፕሬዚዳንታዊ ተወዳዳሪው አል ጎር ከዜሮ በታች 16,022 ድምፅ መዘገበ። ጣቢያው የጥቂት መቶ መራጮች ጣቢያ ነበር። ተወዳዳሪ የሚመርጠው ቢያጣ ዜሮ ያገኛል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ይህን ሕፃን ልጅም አይስተውም። ኮምፒዩተሩ ግን ከድምፅ መቁጠሪያ ማሽኑ ማስታወሻ ካርድ የደረሰውን እንዳለ አምኖ ከጎር ድምፅ ላይ ቀነሰ። የአውራጃዋ ሠራተኞች ስህተቱን በዚያው ሌሊት ደርሰውበት አረሙት። የተሳሳተው አሃዝ ግን ቀድሟቸው ወጥቶ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ስሌት ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያ ምሽት ከጅምሩም የችኮላ ምሽት ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 ገደማ ታላላቆቹ ጣቢያዎች ፍሎሪዳን ጎር አሸነፉ ብለው አወጁ። የግዛቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ፓንሃንድል የሚሉት፣ ሰዓቱ ከቀረው ፍሎሪዳ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እዚያ የምርጫ ጣቢያዎቹ ለመዘጋት አሥር ደቂቃ ያህል ይቀራቸው ነበር። ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ወረቀቱን ሳይቀበል ያንተ ነገር አልቋል ተባለ ማለት ነው። ይህን ያሉት ደግሞ ተቆጥሮ ያለቀ ድምፅ አይተው አልነበረም። ከጣቢያ የሚወጡ ጥቂት መራጮችን ማንን መረጣችሁ ብለው ጠይቀው፣ መልሱን ከመጀመሪያ ውጤቶች ጋር አስልተው ነው። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ቃላቸውን አጠፉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ16 ላይ ፎክስ ኒውስ ተፎካካሪያቸው ጆርጅ ቡሽ አሸነፉ አለ፤ ሌሎቹም በደቂቃዎች ልዩነት ተከተሉት። ቡሽን ከ50 ሺሕ በላይ ድምፅ ያስመራ የነበረው ያ ስሌት የቮሉሽያን ስህተት በሆዱ ይዞ ነበር።

ጎር ለቡሽ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሉ። ናሽቪል ላይ በዝናብ ቆመው ለሚጠብቋቸው ደጋፊዎቻቸው ሽንፈታቸውን ሊናገሩ ሲሄዱ ልዩነቱ እየጠበበ መምጣቱን ሰሙ፤ መልሰው ደውለው ቃላቸውን አነሱ። ሊነጋ ሲል ጣቢያዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ተሳስተናል አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዓለም ያውቀዋል፦ 36 ቀን የፈጀ ሙግት፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 የቆመ ዳግም ቆጠራ፣ ወደ 6 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ መካከል 537 ድምፅ ብቻ የሆነ ልዩነት። በርካታ አሜሪካውያን የዚያን ምርጫ ውጤት እስከ ዛሬ ከልባቸው አልተቀበሉትም። በዚያች ሌሊት አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና አገልግሎት ብቻ ቁጥሩ አይበቃኝም ብሎ ቡሽ ፍሎሪዳን አሸነፉ ሳይል አደረ። እንደ ጋዜጣ የምንኮራበት ብዙ ዓይነት ዜና አለ፤ ያንን ዝምታ ግን ከብዙዎቹ እናስበልጣለን።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ከዚህ ይነሳል። የቆጠራ ስህተት ምርጫን አይገድልም። ሰው እስከቆጠረ፣ ማሽንም በሰው እጅ እስከተሞላ ድረስ ስህተት ይኖራል። ምርጫን የሚገድለው ያልተጣራን ቁጥር ድል ብሎ ማወጅ ነው፤ ስህተቱ ሲገለጥ ደግሞ በጓዳ ማረም ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል የአገራችን ሰው። የተነገረ ድልም እንዲሁ ነው። ማስተካከያው ቢወጣ እንኳ መጀመሪያ የሰማውን አምኖ ያደረ ሰው የሚሰማው ስህተቱ መታረሙ ሳይሆን መነጠቁ ነው።

ስህተት በአደባባይ ሲታረም ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምሳሌም ከዚያው ከአሜሪካ አለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ምርጫ፣ ሚሺጋን ውስጥ አንትሪም በተባለች ትንሽ የገጠር አውራጃ፣ መጀመሪያ የወጣው ውጤት ጆ ባይደንን በ3 ሺሕ ድምፅ ገደማ ያስመራ ነበር። አውራጃዋ ለዶናልድ ትራምፕ ፓርቲ የምታደላ በመሆኗ ነዋሪው ራሱ ተገረመ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ በመጨረሻ ሰዓት ለውጥ ተደርጎ ሳለ ለውጡ ሁሉም ማሽኖች ላይ አልተጫነም፤ የአንዱ ድምፅ በሌላው ረድፍ ገብቶ ነበር። ታረመ፣ ትራምፕ በ3,800 ገደማ ድምፅ አሸነፉ። በኋላ ወረቀቱ አንድ በአንድ በእጅ ሲቆጠር ከታረመው ውጤት የተገኘው ልዩነት 12 ድምፅ ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎም የአንትሪም ስም ዛሬ ድረስ የማጭበርበር ወሬ ማሟሟቂያ ነው። ያም ሆኖ ወረቀቱ ነበር፤ ማረጋገጥ የፈለገ ሰው የሚያየው ነገር ነበረው። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ከወሬው ሌላ የሚቀር ነገር አልነበረም።

ስለ ሩቅ አገር የምናወራው የራሳችንን ረስተን አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። ቆጠራው ሳያልቅ ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግም አሸንፌአለሁ አለ፣ ተቃዋሚው ቅንጅትም አሸንፌአለሁ አለ። ይፋዊው ውጤት ለወራት ተጓተተ፤ አቤቱታ ተከማቸ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። በዚያ መካከል በሰኔ፣ በኋላም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ ጉዳዩን ለማጣራት የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ያ ደም የፈሰሰው በቆጠራ ምክንያት ነው አንልም። የተኮሰ እጅ ለተኮሰው ይጠየቃል። ነገር ግን ሁለት ወገን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ድል ያወጀበት አገር፣ እውነቱን የሚያሳይ አንድ ሰነድ በሁሉም እጅ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የሚከራከረው በወረቀት ላይ ይሆን ነበር።

እስኪ አንድ የገጠር ምርጫ ጣቢያ ሲመሽ እናስበው። የትምህርት ቤት ክፍል ነው። አስፈጻሚዋ ከንጋት ጀምሮ ቆማለች፤ ምሳ በልታለች ለማለት ይከብዳል። መብራት የለም፤ አንዱ ታዛቢ የስልኩን ባትሪ ያበራላታል። ወረቀቱን ከሳጥን ታወጣለች፣ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ ምልክቱን ትጠራለች፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ተሰምሮ አምስተኛው ይሰረዝበታል። እኩለ ሌሊት ሲሆን 187 የሚለው ቁጥር ወደ ቅጹ ሲገለበጥ 178 ይሆናል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ ድካም ነው። ነገር ግን የፓርቲ ወኪሎች ፈርመው ግልባጭ ከያዙ፣ ውጤቱም በሩ ላይ ከተለጠፈ፣ ጠዋት እንጨት ሊለቅም የሚወጣው ልጅ እንኳ ሰሌዳውና በሩ እንደማይገጥሙ ያያል። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ብቻ ከሄደ ግን ያ 9 ድምፅ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምርጫ ክልሉ ድምር ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ የሰማ ሁሉ ደግሞ ተሰረቅን ይላል።

ማላዊ በአውሮፓውያኑ 2019 ያደረገችው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በፍርድ ቤት የተሰረዘው የውጤት ቅጾች በፍሉድ ተቀብተው፣ በላያቸው ሌላ ቁጥር ተጽፎባቸው በመገኘታቸው ጭምር ነው። በቢሮ ሁላችንም የምናውቃት ያቺ ነጭ ጠርሙስ አንድ አገር ምርጫዋን ከሥር እንድትደግም አደረገች። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በአውሮፓውያኑ 2022 የየጣቢያውን ቅጽ ፎቶ፣ ከ46 ሺሕ በላይ ጣቢያዎች፣ ማንም በስልኩ እንዲያየው በድረ ገጽ አወጣች። የኮሚሽኑ አባላት እርስ በርስ ተካካዱ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ገባ፤ ቅጾቹ ግን እዚያው ነበሩ፣ ተራ ዜጋም ይደምራቸው ነበር። በአውሮፓውያኑ 2007 የቆጠራ ውዝግብን ተከትሎ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰው ለሞተባት አገር ይህ ቀላል ርምጃ አይደለም።

ስለዚህ ከምርጫ ቦርድ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የምርጫ ክልል ድምር ብቻ አይበቃንም። የእያንዳንዱ ጣቢያ የተፈረመበት ቅጽ፣ በር ላይ እንደተለጠፈው፣ በምስል ይውጣ። ስህተት ሲታረም የቀድሞው ቁጥር አይጥፋ፤ ጎኑ ላይ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመው ይጻፍ። የፓርቲዎች የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾችም ቆጠራ ሳያልቅ እልልታ ማሰማታቸውን ይተው። የሦስት ጣቢያ ቅጽ ፎቶ ለጥፎ አገር አሸነፍን ማለት የራስን ደጋፊ ማታለል ነው። በየመንደሩ ጉዳት የሚደርስበትም ያ ያመነ ደጋፊ ነው።

እኛም ራሳችንን እናስራለን። በምርጫ ሌሊት ይህ ጋዜጣ አሸናፊ አይጠራም፤ በሕግ ሥልጣን ያለው አካል እስኪያውጅ ድረስ በርዕሳችን «አሸነፈ» የሚል ቃል አይወጣም። የምናትመው ከየጣቢያው በር ላይ ዘጋቢዎቻችን በዓይናቸው ያዩትን፣ ከጣቢያው ስም ጋር ነው። ብንሳሳት በውስጥ ገጽ ጥግ አናርምም፤ ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በወጣበት የፊደል መጠን እናርማለን። በዚያች ሌሊት ደውላችሁ ማን አሸነፈ ብትሉን የምንነግራችሁ ስንት ጣቢያ እንደተቆጠረና ስንት እንደቀረ ነው።